ምሳን ጨምሮ

ገላን ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ያለሁበት ብሎክ መግቢያ ላይ «የሚከራይ ስቱዲዮ» ከሚሉት ብጣሽ ወረቀቶች ጎን በየሁለት ሳምንቱ የጉዞ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ወንጪ፣ ላንጋኖ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ ዝቋላ። ቦታው ይለዋወጣል እንጂ «ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ምሳና የታሸገ ውሃን ጨምሮ» የምትለዋ መስመር ንቅንቅ አትልም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከሥሯ ሌላ መስመር መጥታለች፤ «የአካባቢውን ማኅበረሰብ ተጠቃሚ የሚያደርግ ኃላፊነት የተሞላበት ጉዞ»። ሁለቱ መስመሮች አንድ ወረቀት ላይ አብረው መኖር አይችሉም ባይ ነኝ።

አምና ከፍዬ ወንጪ ሄጃለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ላይ ምን እንደተጫነ ልንገራችሁ፦ በሳፋ እንጀራ፣ ሁለት ብረት ድስት ወጥ፣ በካርቶን ውሃ፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ጀነሬተር፣ ቁመቱ ትከሻዬ የሚደርስ ስፒከር፣ በማዳበሪያ ከሰል። ከሰል ከገጠር ወደ ከተማ ሲመጣ ነው የማውቀው፤ ከገላን ወደ ገጠር ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐይቁን ቁልቁል የሚያሳየው አፋፍ ላይ ስንደርስ ማርና የተቀቀለ ድንች የያዙ ሴቶች ቆመው ጠበቁን። አስተባባሪያችን ማይክሮፎኑን አነሳና «ከመንገድ ገዝታችሁ እንዳትበሉ፤ ሆዳችሁን ቢያማችሁ ኃላፊነት አንወስድም» አለን። ኃላፊነት የሚለው ቃል ያን ቀን የተነሳው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ምሳችንን በላን፣ ጨፈርን፣ ፎቶ ተነሳን። ፈረስ ከሚያከራይ ልጅ ጋር ለአንድ ማኪያቶ ዋጋ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ስንመለስ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ አውቶቡሱን ተከትለው ሮጡ፤ እኛም ባዶ ፕላስቲኮቻችንን በመስኮት ወረወርንላቸው። ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት «ደስ አላቸው» አለች። ከሃምሳ ሰው ጉዞ የመንደሩ ድርሻ ይኸው ነበር፤ ባዶ ጠርሙስና የፈረስ ኪራይ፣ እሱም ተቆርጦ።

ይህ የሆነው ደግሞ ሌላ ቦታ ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ወንጪ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረሱንና ጀልባውን በተራ ሲያሠሩ የኖሩበት ስፍራ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱም ወንጪ ነው። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጦም ትልቅ ሎጅ ተሠርቶለታል። ሎጁ ለገበሬው ምን አተረፈለት የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ጠያቂም አላጣም። እኛን ግን ማንም አይጠይቀንም። በአውቶቡስ ተጭነን የምንመጣው የእሑድ እንግዶች ራሳችንን ቱሪስት ብለን ስለማንጠራ ማን ተጠያቂ ያድርገን? ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን የቱሪዝም መፈክር ካወጡልን ጊዜ ጀምሮ ቱሪስት ስንል ዶላር የያዘ ፈረንጅ ነው የሚታየን። ፈረንጁ ደባርቅ ወርዶ ሰሜን ተራሮችን ሊያይ ሲነሳ ጠባቂ ይቀጥራል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ለአስጎብኚና ለምግብ አብሳይ ይከፍላል፤ ከሚከፍለው ገንዘብ ቢያንስ የተወሰነው እዚያው ይቀራል። ከእኛ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም።

«የገጠሩ ምግብ ንጽሕናው አይታመንም፤ ሃምሳ ሰው የሚያስተናግድ ቤትም የለም» የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ይመጣ አይመጣ ለማይታወቅ ሃምሳ ሰው ማን በግ ያርዳል? ግን የመቄትን ልምድ እዩ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው «ተስፋ» የተባለው ጉዞ እንግዳውን ከመንደር መንደር በእግር ያስኬድ ነበር፤ ጓዙን የገበሬው አህያ ይጭን ነበር፣ ማደሪያው መንደርተኛው የሠራው ጎጆ ነበር፣ ሽሮውንም የምትሠራው የመንደሩ ሴት ነበረች። ሰሜን ወሎ፣ መኪና በማይገባበት ገደል አፋፍ ላይ የተቻለ ነገር አስፋልት በደረሰበት ወንጪ የሚያቅተው ስልክ የሚደውል ስለጠፋ ነው። አስተባባሪው ሦስት ቀን ቀድሞ ደውሎ ቀብድ ቢልክ ምሳው ትኩስ ሆኖ ይጠብቀናል። የማይደውለው፣ ወጡን እኛ ሰፈር ሲያሠራ ትርፉ እሱው ጋ ስለሚቀር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ መቶ ደብተር ይዞ ሄዶ ከልጆቹ ጋር ፎቶ ይነሳል፤ የእናታቸውን ገበያ ወስዶ ለልጆቿ ደብተር መስጠት።

ስንቅ መያዝ የአባቶቻችን ወግ አይደለም ወይ የሚሉኝ አንዲት እናት ጎረቤት አሉ። መጋቢት 5 ለአቦ ዝቋላ በእግራቸው የወጡ ናቸው፤ ደረቅ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዘው። እማማ ልክ ናቸው። ግን የእሳቸው ስንቅ ያሳደራቸውን ባላገር ላለማስቸገር ነበር። ማታ የሰው ደጅ አንኳኩተው «የእግዜር እንግዳ» ብለው ገብተዋል፣ ከቆሏቸው ለባለቤቱ ልጆች አፍሰዋል፣ የባለቤቱን ስም እስከ ዛሬ ይጠሩታል። እኔ ከወንጪ የአንድ ሰው ስም ይዤ አልመጣሁም።

ነገሩ ያንገበገበኝ ገላን ስለምኖር ይሆናል። የላይኛው ከተማ የሚደፋውን ሁሉ ይዞ የሚወርደው አቃቂ ወንዝ በእኛ ክፍለ ከተማ አልፎ ነው አባ ሳሙኤል የሚገባው። ወደ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ለመዝናናት የሚወጣውም ሰው በቱሉ ዲምቱ በኩል ሽው ብሎ ያልፈናል። የሌላው ሰው ተረፈ ምርት ደጃፍህ ላይ ሲቀር ምን እንደሚመስል እኛ ነጋሪ አያሻንም። እሑድ እሑድ ግን እኛም ተነስተን የላይኛው ከተማ እንሆናለን።

የሚቀጥለው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከሥሩ ያለው ስልክ ላይ ደውሉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ምሳውን የምታበስለው ማን ናት? መልሱ የገላን ሴት ከሆነች ገንዘባችሁን አትስጡት።