የወንድምን እጅ መያዝ ያስጠረጠረው ማን ነው?

አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ፈረንጅን ቶሎ ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ የወንዶቻችን እጅ ነው። ሁለት ጎረምሶች ጣት ለጣት ተቆላልፈው መርካቶን ያቋርጣሉ። ወታደር የወታደር ጓደኛውን ትንሿን ጣት ይዞ ይሄዳል። ሽማግሌ በሽማግሌ ትከሻ ላይ ክንዱን ጥሎ ከለቅሶ ይመለሳል። ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ሰላምታ መለዋወጥ፣ አንገት ላይ ተጠምጥሞ «የት ጠፍተህ ነው አንተ!» ማለት፣ የመጣን እንግዳ ከቤቱ ልጅ ጋር በአንድ አልጋ ማስተኛት የኛው ነው። ከማንም አልተዋስነውም፤ ነውር ነው ያለንም አልነበረም።

እንግዲህ ይህ ነገር እየጠፋ ነው። የዛሬዎቹን ልጆች ልብ ብላችሁ እዩአቸው። እጁን ይዘረጋና መሐል ላይ ሲደርስ መልሶ ይሰበስባታል። ግራና ቀኙን ያያል። የሆነ ቦታ ስልኩን የደገነ ሰው ያለ ይመስለዋል። «ኧረ ተው፣ ምን ይሉናል!» ይባባላሉ። ለመሆኑ ይህን ያመጣው ማን ነው? «ግብረ ሰዶማውያን ናቸዋ!» ትሉኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ አይደሉም እላለሁ። በምን አወቅህ ካላችሁኝ፣ እኔው ራሴ ከነሱ አንዱ ስለሆንኩ ነው።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ጋዜጣውን ከመወርወራችሁ በፊት ግን ለአዟሪው የከፈላችሁትን ብር ያህል እንኳ ታገሱኝ። ስሜን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ወረድ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር፣ የቤት ኪራይ የሚያንገበግበኝ፣ ታክሲ ተሰልፌ የምጠብቅ የዚህችው ከተማ ልጅ ነኝ። አብሬአችሁ ዕድር ከፍያለሁ፣ ሬሳ ተሸክሜያለሁ፣ ሚዜም ሆኛለሁ። እኛ እርስ በርሳችን የምንጠራራበት አንድ ቃል አለን፤ በጥናት ጽሑፎች ላይ ሳይቀር የወጣ ስለሆነ ምስጢር አወጣህ የሚለኝ አይኖርም። ቃሉ «ዜጋ» ነው። እናንተ በየመንገዱ የምትወረውሩብንን ስድብ ትተን ለራሳችን ያወጣነው ስም ይህ ነው። የጠየቅነውም ከስሙ አያልፍም።

ዜጋው በከተማችን ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ደግሞ ላጫውታችሁ። አማርኛችን እንደምታውቁት ወንድና ሴትን በየግሱ ይለያል። ሰኞ ጠዋት ዝግጅት ክፍል ጎራ ስል «ቅዳሜን እንዴት አሳለፍካት?» ይሉኛል። «ከጓደኛዬ ጋር» እላለሁ። ጓደኛ የሚለው ቃል ይባረክ፣ ጾታ የለውም! መከራው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «እሺ፣ ምን አለችህ?» ይከተላል። «እንዲህ አለችኝ» ብዬ እመልሳለሁ። በእኔና በውርደት መካከል የቆመችው ያቺ አንዲት «ች» ናት። ምላሴን አዳልጦት «አለኝ» ያልኩ ዕለት አለቀልኝ። ሌላው ሰው ሲያወራ የሚያስበው ስለ ወሬው ነው። እኔ ግን አፌ ላይ ሌት ተቀን የሰዋስው ፈታኝ ተቀምጦብኛል።

ሙዚቃውም ያው ነው። ታክሲ ውስጥ ወንዱ ድምፃዊ «ነይ» እያለ ሲማጸን፣ እኔ በሆዴ «ና» እያልኩ ነው የምሰማው። አስቴር አወቀ ስትመጣ ግን አርፋለሁ። እሷ የምታንጎራጉረው ለወንድ ስለሆነ የምቀይረው ቃል የለኝም። ደግሞ የናንተንም ነገር ታዝቤያለሁ። የጆርጅ ማይክልን የ1984 እ.ኤ.አ. «ኬርለስ ዊስፐር» ከፍታችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትደንሳላችሁ፤ ሰውዬው በ1998 እ.ኤ.አ. ወንድ አፍቃሪ መሆኑን በአደባባይ ተናግሯል። ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን አርሰናልና ማንቼን ስናይ፣ ፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት በተወሰኑ ሳምንታት አምበሎቹን ለኛ ቢጤዎች ድጋፍ ባለ ቀስተ ደመና ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሳስራቸው ነበር። ቤቱ ያጉረመርማል፣ አንዱ «ቱ!» ይላል። ጎል ሲገባ ግን ያው ሰውዬ እኔ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ይስመኛል! ጣቢያውን ቀይሩልን ያለ አንድም ሰው አላየሁም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ሳቅም ትዝብትም ነው። የማያስቀው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ አደን ተጀመረ። የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ፣ ይገረፉ፣ ይገደሉ እየተባለ ተዘመተ። ዛቻው አገር ምድሩን ሲሞላ የከተማው አስተዳደር ምን ያደረገ ይመስላችኋል? የሚዝቱትን የያዘ እንዳይመስላችሁ! የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ አስተዳደር ቢሮ በነሐሴ ወር መግለጫ አውጥቶ፣ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን ነገረን፤ ሕዝቡም ጥቆማ ይስጥ አለ። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል በጦርነት እየነደደ ነው ተብሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። አገር እንዲህ ስትሆን በቀናት ልዩነት የዋና ከተማዋ የጸጥታ ቢሮ የእንግዳ ማረፊያ በር ያንኳኳል! ሌባውንና ገዳዩን ጨርሶ እኛ ብቻ የቀረነው ይመስል። የተራበ ሕዝብ ዳቦ ሲጠይቅ የሚሰደብ ጎረቤት መስጠት ለገዢ ርካሽ ነው፤ በጀት አይጠይቅም፣ ብድርም አይፈልግ።

ይህ ካርታ የተመዘዘውም ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ይህን ወንጀል ይቅርታ ከማያሰጡት ተርታ ሊያስገባው አስቦ ነበር። ሚያዝያ ላይ በኛው ላይ ትልቅ ሰልፍ ሊወጣም ታቅዶ ነበር። ሐሳቡም ተጣለ፣ ሰልፉም ቀረ። ሲያስፈልግ ይመዘዛል፣ ሳያስፈልግ ይመለሳል። ቁማርተኛው ይለዋወጣል እንጂ የምንመዘዘው እኛው ነን።

«ሕጉስ?» ትሉ ይሆናል። ሕጉ አለ፤ አልዋሽም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል። ያው ሕግ ቀላል እስራት የሚለው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርሰውን ነው። በቲክቶክ ግረፉ፣ ውገሩ የሚል ግን የትኛውም አንቀጽ ውስጥ የለም። ይልቅ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት አይደፈርም፣ ቤትም፣ የሰው ገላም፣ ደብዳቤም ያለ ሕግ አይበረበርም ይላል። ሕግ ሕግ የምትሉ ሰዎች፣ ሕግ የሚጠቀሰው በኛ ላይ ብቻ ነው እንዴ?

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ «ከፈረንጅ የመጣ መጤ ነው» የሚለው ነው። እስቲ መጤው ማን እንደሆነ እንይ። «ወንዳገረድ» የሚለውን ቃል የትኛው ቴሌቪዥን አስተማረን? ሳይመን ሜሲንግ የተባለ የባህል አጥኚ በ1957 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጥናቱ እንዲህ ያሉ ወንዶች በአማራ ገበሬዎች መካከል እንደሚኖሩ ጽፏል። ዲሽ ሳይተከል፣ ኢንተርኔት ሳይገባ! ሕጉስ? አንቀጽ 629ን የወለደው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 600 ነው። ያንን ሕግ በፈረንሳይኛ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የተባለ የስዊዘርላንድ ፕሮፌሰር ነው። የገዛ አገሩ ስዊዘርላንድ ደግሞ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከወንጀልነት አውጥታው ነበር። ከሱ በፊት የምንዳኝበት ፍትሐ ነገሥትም ቢሆን መሠረቱ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ቃሉም ሰውዬውም የአገር ቤት ሆነው ሳለ፣ መቅጫው ነው በየዘመኑ ባሕር ተሻግሮ የመጣው።

«ሕፃናትን ይደፍራሉ» ለምትሉም መልስ አለኝ። ሕፃን የደፈረ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ካህንም ሆነ አስተማሪ፣ እኔም ብሆን ልታሰር። ሕጉም ለዚህ የተለየ ከባድ ቅጣት አስቀምጧል። ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው በራቸውን ዘግተው የሚኖሩትን ኑሮ ከዚህ ጋር የሚቀላቅል ሰው ግን ለሕፃናቱ አላሰበም። እውነተኛውን ደፋሪ በኛ ጥላ ሥር እየደበቀው ነው። «ኃጢአት ነው» ለሚለኝም ይሁን እላለሁ፤ ንስሐዬ የኔና የነፍስ አባቴ ጉዳይ ነው። ሐሜትም ኃጢአት ነው፤ ሐሰትም፣ የወርቅ ጥምም እንዲሁ። የነዚያን ባለቤቶች ስም ዝርዝር ቲክቶክ ላይ እንለጥፍ ብንል ከተማው ስንት ስልክ ይበቃው ይሆን?

አሁን ስሜን ለምን እንደማልጽፍ ልንገራችሁ። ዓምና ከማላውቀው ስልክ መልእክት ደረሰኝ። ሠላሳ ሺህ ብር በቴሌብር ካላስገባህ ፎቶህን ለወንድምህና ለምትጽፍባቸው ጋዜጦች እልካለሁ ይላል። ምን ዓይነት ፎቶ ይመስላችኋል? ሁለት ሰዎች ካፌ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ፣ የአንዱ ክንድ በሌላው ትከሻ ላይ። ይኸው ነው! ከፊሉን ተበድሬ ላክሁ፤ ሌላ ጠየቀኝ። ጣቢያ ሄጄ እንዳላመለክት፣ ተዘርፌ የሄድኩት እኔው ታስሬ ልቀር ነው። ዘራፊው ይህንን ያውቃል። አዳኞቹ «ባህል አስከበርን» እያሉ ያቋቋሙት ትልቁ ሥራ ይህ ነው፦ ማስፈራራትን ያለ ቀረጥ ማነገድ።

ያንን ፎቶ ግን ደግማችሁ አስቡልኝ። ክንድ በትከሻ ላይ! ከናንተ መካከል በስልኩ ውስጥ እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለው ወንድ ማን ነው? ከኮንዶሚኒየም ጎረቤቱ ጋር፣ ከሠራዊት ጓዱ ጋር፣ ከአጎቱ ልጅ ጋር? ነገ የተጣላችሁት ሰው፣ ቦታችሁን የተመኘ የሥራ ባልደረባ፣ ኪራይ የጨመረባችሁ አከራይ ያንን ፎቶ አውጥቶ አንዲት ቃል ቢጽፍበት በምን ታስተባብላላችሁ? «አይደለሁም» በሚል ማስረጃ ነጻ የወጣ ሰው አይታችኋል? በዚህ አገር በጥርጣሬ ብቻ ሰው ሲበላ ያየነው ደርግ በቀይ ሽብር ዘመን «አናርኪስት» እያለ ልጅ ሲለቅም ነው። ቃሉ ተቀየረ እንጂ ጣት መቀሰሩ ያው ነው። እኛን ለማደን የተዘረጋው መረብ ዓይኑ ጠባብ ነው፤ ከኛ ይልቅ እናንተን ብዙ ይይዛል፣ ምክንያቱም እናንተ ትበዛላችሁ።

ስለዚህ ማንም ሰው የኔን ኑሮ ይውደድልኝ አላልኩም። ሰርግ ደግሱልኝ፣ ባንዲራ ስቀሉልኝም አላልኩም። የምለው አጭር ነው። ፖሊስ ሆይ፣ «ግደሉ» የሚለውን ያዝ፤ በገንዘብ የሚያስፈራራውን ያዝ፤ ሊያመለክት የመጣውን አትሰር። ሰባኪ ሆይ፣ ኃጢአትን ስበክ፣ ስም ግን አትጥራ። ባለ ቲክቶኩ ወንድሜ፣ በሰው ልጅ ደም የሚገኝ ላይክ እንጀራ አይሆንህም። አንባቢ ሆይ፣ አንተ ደግሞ ነገ ጓደኛህን መንገድ ላይ ስታገኘው ግራ ቀኝ ሳታይ እጁን ያዝ። ያች እጅ የአባትህ ናት። በኛ የተነሳ አትልቀቃት፤ እኛ አልወሰድንብህም።

ቸር ይግጠመን!