የወፍጮው ቺንጋ ለምን ይወልቃል?

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎተራ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። እኛም አብረን እንሂድ።

ወፍጮ ሲቆም የሚጎዳው ማነው? ሁላችንም ነን። እናቶች እህል ተሸክመው ራቅ ወዳለ ወፍጮ ይሄዳሉ። ተራ ሲጠብቁ ይመሻል። ቤት ያሉት ልጆች እራት ሳይበሉ ይተኛሉ።

ብዙ ጊዜ ወፍጮ የሚቆመው በቺንጋ ምክንያት ነው። ቺንጋ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያደርስ ረጅም ጠፍር ነው። በሁለት ፑሌጃዎች ላይ ይዞራል። አንዱ ፑሌጃ ሞተሩ ላይ ነው፤ ሌላው ወፍጮው ላይ ነው።

በአንድ ወፍጮ ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። ጠፍጣፋው ቺንጋ አርጅቶ ተበጠሰ። ገንዘብ ተዋጣና አዲስ ተገዛ። አዲሱ ገባ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ቺንጋው ወለቀ። መለሱት፤ እንደገና ወለቀ። «ይሄ ቺንጋ የማይረባ ነው፣ ሌላ ይገዛ» ተባለ። ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ። ጥፋቱ የቺንጋው አልነበረም። የሞተሩ ቡሎኖች ላልተው ሞተሩ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ነበር። ሞተሩ ሲስተካከል ያው ቺንጋ ሥራውን ቀጠለ። ሌላ ቺንጋ ቢገዛ ኖሮ እሱም ይወልቅ ነበር።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩ ይጥፋ። ጠፋ ተብሎም ወዲያው አይቀረብም። ከባዱ የሞተር መንኮራኩር ፈጽሞ እስኪቆም ጠብቁ። እስቲ አደጋውን በቁጥር እንየው። ሞተሩ በ1 ደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል እንበል። የሞተሩ ፑሌጃ በመሀሉ ሲለካ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቺንጋው በ1 ሰከንድ 10 ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው። ነጠላ ወይም ጋቢ ከያዘ ሰውየው «ኧረ!» ሳይል ይጎትተዋል። በሚዞር ሞተር ላይ ቺንጋ በእጅም በዱላም አይገባም።

አሁን በተራ እንመርምር።

1ኛ፣ መስመሩን እዩ። ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ወርዳቸው እኩል ከሆነ ሲባጎ ይበቃል። ሲባጎውን ከአንዱ ፑሌጃ ጎን እስከ ሌላው ጎን ወጥሩ። የሁለቱንም ፑሌጃዎች ግራና ቀኝ ጠርዝ ከነካ ደህና ነው። አንዱን ጠርዝ ነክቶ ሌላውን ካልነካ ሞተሩ ጠሟል። ቡሎኖቹን አላልታችሁ ሞተሩን አቅኑ። ከዚያ አጥብቃችሁ እሰሩ።

2ኛ፣ ውጥረቱን እዩ። የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ይግላል፤ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። እህል ሲጨመር ወፍጮው ይደክማል። ታዲያ ከልክ በላይ መወጠርም ጥሩ አይደለም። ኩሽኔታውን ይበላል። የቺንጋ ዋጋ እናተርፋለን ስንል የኩሽኔታ ዋጋ እንከፍላለን።

3ኛ፣ መጋጠሚያውን እዩ። የጠፍጣፋ ቺንጋ ጫፍና ጫፉ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ሲጋጠም ይጣመማል። የተጣመመ ቺንጋ ወደ ጎን ይሸሻል፤ በመጨረሻም ይወልቃል።

4ኛ፣ ዘይትና ናፍጣ እንዳይነካው። ቅባት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፤ ጎማውም ይበላሻል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ዘይቱ ከየት እንደሚፈስም ፈልጉ። አፈር ወይም አመድ መበተን መድኃኒት አይሆንም።

አዲስ ቺንጋ ሥራ ሲጀምር ይለጠጣል። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ውጥረቱን እንደገና እዩት።

አንድ ነገር ቀረ። እሱም ጽሕፈት ነው። «እንደ ድሮው ያለ ቺንጋ አምጣ» ተብሎ ከተማ የተላከ ሰው አጭር ቺንጋ ይዞ ይመጣል። የሁለት ቀን መንገድ ከንቱ ቀረ ማለት እኮ ነው! የቺንጋውን ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት ለኩ። ቺንጋው የተቀየረበትን ቀን ጨምሩ። ይህን ሁሉ በደብተር ወይም በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ተጽፎ ከተገኘ የሚላከው ሰው ማንም ቢሆን አይሳሳትም።

አንብባችሁ ተወያዩ፦

ሀ. አዲስ ቺንጋ ደጋግሞ ቢወልቅ በመጀመሪያ ምን እናያለን?

ለ. ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ምን ይጎዳል?

ሐ. በእናንተ ወፍጮ ቤት ቺንጋው መከለያ አለው? ከሌለው ከእንጨት ወይም ከቆርቆሮ ማን ይሠራዋል? መቼስ ይሠራ?

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ናፍጣ አቀማመጥ እንነጋገራለን። ደህና ሰንብቱ።