ሜዳ መንገድ ያታልላል

ለትራያትሎን ውድድር የሚሰናዳ ወጣት አስቀድሞ የሚጠይቀው «መንገዱ ዳገት አለውን?» ብሎ ነው። ዳገት የለውም፣ በባሕር ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ ሜዳ ነው የተባለ እንደሆነ ልቡ ያርፍና ልምምዱን ያላላል። በበኩሌ ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት አይታየኝም፤ ሜዳ የሚጠይቀው የተለየ ዝግጅት ነው እንጂ ያነሰ ዝግጅት አይደለምና።

ትራያትሎን ዋናን፣ ቢስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት የሚያከታትል ስፖርት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በአሜሪካ በሳንዲያጎ ከተማ ተጀምሮ በ2000 በሲድኒ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። መካከለኛ ርቀት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ቢስክሌትና 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች አንዷ በሆነችው በባሕሬን ከ2015 ወዲህ በተለያዩ ዓመታት የተደረገው ውድድር ለሜዳው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዳገት የወጣ ሰው የኋላ ኋላ ቁልቁለት ማግኘቱ አይቀርም፤ በዚያም እግሩን አሳርፎ፣ ወገቡን አቃንቶ ይሄዳል። በሜዳ ግን ይህ ዕድል የለም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 3 ሰዓት ሙሉ ያለ ማቋረጥ ፔዳል መምታት አለበት። በዳገት ላይ ጠላቱ የገዛ ክብደቱ ሲሆን በሜዳ ላይ ጠላቱ አየር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አየሩ የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህንንም ግፊት አብዛኛውን የሚቀበለው ቢስክሌቱ ሳይሆን የነጂው አካል ነው። ስለዚህ በትንሽ ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት ውድ ቢስክሌት የለኝም ብሎ ከሚያዝን ይልቅ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ሰዓት መንዳትን ቢለማመድ ይሻለዋል። አንገትና ወገብ ይህን የሚለምዱት በወራት እንጂ በሳምንት አይደለም።

ባሕሩም እንዲሁ ያታልላል። ጨዋማ ውሃ አካልን ያንሳፍፋል፤ ነገር ግን እንደ መዋኛ ገንዳ ከሥሩ የተሰመረ መሥመር የለውም። ስለዚህ ዋናተኛው በየስምንት ቀዘፋው ገደማ ቀና ብሎ ምልክቱን ማየትን አስቀድሞ በገንዳ ውስጥ ሊለምድ ይገባዋል።

«ቢሮና ትምህርት ባለበት ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ጊዜን መደልደል ነው። 16 ሳምንት አስቀድሞ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና፣ ሁለት ቀን ቢስክሌት፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሩጫ ማድረግ ይቻላል። ቅዳሜ ረጅም ከነዱ በኋላ ወዲያው 20 ደቂቃ መሮጥ፣ የደነዘዘው እግር ከቢስክሌት ወደ ሩጫ መሻገርን እንዲለምድ ያደርጋል። በመጨረሻው ሁለት ሳምንት ግን ልምምዱን መቀነስ ያስፈልጋል። በቢስክሌት ላይም በየሰዓቱ 60 ግራም ያህል ስኳርነት ያለው ምግብ መውሰድን ቀድሞ ሆድን ማስለመድ ይበጃል። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርድ ሰው አየሩ ለሳንባው ቢመቸውም ሙቀቱና ወበቁ ስለሚያዳክሙት፣ ከተቻለው አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ቢደርስ መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን አንዱን ደንብ ነው። በመካከለኛው ርቀት ውድድር ባብዛኛው በሌላው ነጂ ጀርባ ተጠልሎ መንዳት ክልክል ነው። ነፋስ በሚነፍስበት ሜዳ ላይ ደግሞ ከፊት ያለው ጀርባ እጅግ ያስጎመጃል። ዳኛ ያየው ይቀጣል፤ ዳኛ ያላየው ግን ከገዛ ኅሊናው ጋር ይነዳል።

የወጣት ሠራተኛና የተማሪ ኑሮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብዙው ቀን ሜዳ ነው፤ የሚያስጨበጭብ ዳገት የለውም፣ የሚያሳርፍ ቁልቁለትም የለውም። የተጠራቀመ መዝገብ በአንድ ሌሊት ግስገሳ፣ የዓመት ትምህርትም በፈተና ዋዜማ አይወጣም። ስለዚህ ወጣቶች፣ ባሕር ዳር ለመወዳደር ብናስብም ባናስብም፣ ሜዳውን ንቀን አንጀምር። የሚያደክመው የመንገዱ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱም ነው። የራስን ነፋስ በራስ ደረት እየገፉ፣ እርምጃን ሳይለዋውጡ እስከ መጨረሻው መሄድ ግን በልምምድ የሚገኝ ሀብት ነው።