ሳይቃጠል በቅጠል፦ የእህል ጫኝ መኪኖቻችን ጭስ

በመኸር ሰሞን ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም በቆሎ ጭኖ ዳገት የሚወጣ አሮጌ አይሱዙ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መኪናው እያቃሰተ ይወጣል፤ ከኋላው ጥቁር ጭስ ይለቃል፤ በመንገድ ዳር የሚሄደው ተማሪና ገበያተኛ አፍንጫውን በነጠላው ይሸፍናል። ይህ መኪና ዓመታዊ ምርመራው ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል። ወይ “ጭሱ በዝቷል” ተብሎ ይመለሳል፤ ወይ ለአንድ ቀን ተስተካክሎ ቦሎውን ይለጥፍና በማግስቱ እንደ ቀድሞው ማጨሱን ይቀጥላል። ሁለቱም አካሄድ አርሶ አደሩን አይጠቅምም።

የማውቃቸው ሦስት ወንድማማች አርሶ አደሮች ገንዘብ አዋጥተው አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ገዙ። የቀድሞው ባለቤት ስፖንዳውን አስረዝሟል፣ ባሌስትራ አስጨምሯል፣ ማርሚታውን አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይዷል። ከሁሉም በላይ ደግሞ “ጉልበት እንዲያገኝ” ብሎ የናፍታ ፖምፓውን አስከፍቷል። ኅዳር ላይ ለምርመራ ሲቀርብ በጭስ ምክንያት ወደቀ። በቆሎው አውድማ ላይ ተከምሮ፣ ሰማዩ ደመና ቋጥሮ ስለነበር ወንድማማቾቹ መጠበቅ አልቻሉም። እህላቸውን እዚያው ለደላላ በወረደ ዋጋ ሰጡ። መኪናው በጥገና የዳነው ገበያው ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና የሚሳሳትበትን ነገር ማንሣት ይገባል። ናፍታ የሚነድደው በአየር ነው። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ይህን የሚያካክስበት መንገድ የለውም። ፖምፓውን ከፍቶ ናፍታ መጨመር ታዲያ ምን ይፈይዳል? ትርፉ ናፍታ አየር ስለማያገኝ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ጉልበት መስሎ የሚታየው ነገር በአብዛኛው በጭስ መልክ የሚበተን ገንዘብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ያልነደደ ናፍታ ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፤ ፋሻና ፒስቶን ይበላል።

የጤናውም ጉዳይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍታ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሹፌሩና ረዳቱ፣ በየገበያው ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ጫኝና አውራጆች ይህን አየር በየቀኑ ይስባሉ።

ባለመኪናው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ጭሱን ይመልከት። ጥቁር ከሆነ ናፍታ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ናፍታው በትክክል አልነደደም፣ ወይም ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ ሲታይ ከትንሹ ወጪ መጀመር ይሻላል፤ በአቧራማ መንገድ ቶሎ የሚደፈነውን የአየር ፊልትሮ መለወጥ፣ ከዚያ የናፍታ ፊልትሮውን፣ ከዚያም ኢንጀክተሮቹ በመሞከሪያ መሣሪያ ላይ ተፈትነው ናፍታውን በደንብ መርጨታቸውን ማረጋገጥ። ፖምፓው የተከፈተ ከሆነ መሞከሪያ ባለው ባለሙያ ወደ ልኩ ይመለስ። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍታ ውኃና ቆሻሻ ስለማያጣው ለኢንጀክተር ጠላት ነው። ሞተር የተቀየረለት መኪና ደግሞ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ መስፈሩን ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጭሱ ቢያልፍ እንኳ በሰነዱ ይወድቃል።

የጭስ መለኪያ መሣሪያ ባለበት ጣቢያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉ በተደጋጋሚ እስከ መጨረሻ ይረገጣል፤ የጭሱም ጥቁረት ይለካል። ቀዝቃዛ ሞተር ይዞ መቅረብ ስለዚህ ሞኝነት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ በደንብ የሞቀ፣ ዘይቱ የተለወጠ መኪና የተሻለ ውጤት ያገኛል። ፖምፓውን ለምርመራው ቀን ዘግቶ በማግስቱ መክፈት ግን ራስን ማታለል ነው።

የወረዳ አመራሮች ድርሻም ከዚህ አያንስም። “አሮጌዎቹን ሁሉ ከመንገድ እናውጣ” የሚለው አስተያየት ሲነገር ቀላል ይመስላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ ወዲህ ግን ምትክ ማግኘት ለአርሶ አደር ከባድ ሆኗል። በመኸር ማግስት መኪኖቹ በአንድ ጊዜ ቢቆሙ የጭነት ዋጋ ይንራል፤ ከፋዩም እህል አምራቹ ነው። በሌላ በኩል በዓይን ዓይቶ ወይም በትውውቅ ማሳለፍ ችግሩን ለከርሞ ማቆየት ነው።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የጭስ ቅድመ ምርመራው ጭነት በሚቀንስበት በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ይካሄድ። የወደቀ መኪና “ወድቋል” ተብሎ ብቻ አይመለስ፤ የወደቀበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠው፤ እስከ መስከረም መጨረሻ የመጠገኛ ጊዜ ይፈቀድለት። የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ማዳበሪያና እህል ለማጓጓዝ ውል ሲገቡ የጭስ ምርመራን እንደ መስፈርት ያስገቡ፤ የአባላቶቻቸው መኪኖች በጋራ ኢንጀክተር የሚያስፈትኑበትን መንገድም ያመቻቹ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሮጌ ፒክአፖችም ከሁሉ በፊት ይመርመሩ። እያጨሰ የመጣ የወረዳ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አርሶ አደሩን “ጭስህን ቀንስ” ማለት አያምርም።

ሦስቱ ወንድማማቾች ዘንድሮ መኪናቸውን ያስፈተሹት በነሐሴ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጭኑትን ኩንታል ቀንሰዋል፤ ናፍታም እንደ ቀድሞው እንደማይፈጅባቸው ይናገራሉ። ሌላውም ሳይቃጠል በቅጠል ቢል፣ በኅዳር እህሉን አውድማ ላይ ለደላላ ከመስጠት ይድናል።