ለመኪና «ዐይን» የሚከፈለው ገንዘብ መርሳ ሲደርስ ምን ያተርፋል?

የመኪና ደላላ ቋንቋ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል። ቀድሞ «ሞተሯ ያልተነካ፣ በአንድ ሰው እጅ የቆየች» ይባል ነበር። ቀጥሎ «ኤሲ ያላት፣ መስኮቷ በኤሌክትሪክ የሚሠራ» መጣ። ዛሬ ደግሞ «ፉል ኦፕሽን» ሲባል አደጋ ስታይ ራሷ ፍሬን የምትይዝ፣ ከመስመር ስትወጣ መሪዋን የምትመልስ፣ ሹፌሩ ሲያንቀላፋ የምትጮኽ መኪና ማለት ሆኗል። ይህ ሁሉ በዋጋው ላይ ይታሰባል። ገዢው የከፈለበትን ነገር በእርግጥ ይረከባል ወይ የሚለውን ግን በገበያው ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይታይም።

ነገሩ የጥቂት ሀብታሞች ወግ ሊመስል ይችላል። ሆኖም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል ነጋዴ የሚቀርብለት በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በአዲስ አበባ ጎዳና የሚታዩት ቢዋይዲዎች፣ በቻይና የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ሌሎችም መሰሎቻቸው ካሜራና ራዳር ይዘው ነው የሚመጡት። ገዢው ፈለገም አልፈለገም ለ«ዐይኑ» ይከፍላል።

ዐይኑ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የጎዳና ደኅንነት ተቋም ባደረገው ጥናት፣ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት የፊተኛውን መኪና ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል ቀንሷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስነት የሚመዘገብ መኪና ሁሉ ይህን ፍሬንና የመስመር መጠበቂያውን እንዲይዝ አስገድዷል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ ለአምራቾች እስከ መስከረም 2029 ጊዜ ሰጥታለች። ዕቃው የማስታወቂያ ጌጥ ቢሆን ኖሮ መንግሥታት በሕግ ባላስገደዱት ነበር።

ችግሩ ዐይኑ የሠለጠነበት መንገድና እኛ የምንነዳበት መንገድ መለያየቱ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያና መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመርሳ በኩል ያልፋል። ከወልድያ ተነስቶ በሲሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ አድርጎ ወደ ውጫሌ የሚወርድ ሹፌር መንገዱ ለመኪና ብቻ እንዳልሆነ ያውቀዋል። ፍራፍሬና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ የአህያና የፈረስ ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ፍየል፣ አንዳንዴም ከአፋር በኩል የሚመጣ ግመል በአንድ አስፋልት ላይ ይጋፋሉ። የመስመሩን ቀለም አቧራና የጎርፍ ደለል ሸፍኖታል፣ አለዚያም ጎማ ጨርሶታል። መስመር ጠባቂው ካሜራ መስመሩን ካላየ የሚጠብቀው የለውም።

እንዲህ ያለው ግራ መጋባት የእኛ ብቻ አይደለም። ቮልቮ ትልልቅ እንስሳትን የሚለይ ሥርዓት ሠርቶ በስዊድን አጋዘን ላይ ፈትኖት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 አውስትራሊያ ላይ ሲሞከር ካንጋሩው አስቸገረው። መሣሪያው ርቀት የሚለካው መሬቱን መነሻ አድርጎ ስለነበር፣ ካንጋሩው ሲዘል የራቀ፣ ሲያርፍ የቀረበ እየመሰለው ተምታታበት። በአጋዘን የተማረ መሣሪያ ካንጋሩ ካወናበደው፣ የአውሮፓንና የቻይናን አውራ ጎዳና ታሳቢ አድርጎ የተሠራው መርሳ ገብቶ ከግመልና ከጋሪ ጋር ሲፋጠጥ ፈተናውን ማለፉን ማን አረጋገጠለት?

በምንም ምክንያት ድንገት ፍሬን መያዝም አለ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ወደ 416 ሺህ በሚጠጉ የቴስላ መኪናዎች ላይ ምርመራ የከፈተው፣ ባለቤቶች ባዶ መንገድ ላይ መኪናቸው በራሷ ፍሬን እንደምትይዝ 354 አቤቱታዎች ስላቀረቡ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዲት የቤት መኪና ቁልቁለት ላይ ያለ ምክንያት ቀጥ ስትል፣ ከኋላዋ የሚመጣው ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ጭነት የበዛበት አይሱዙ ከሆነ፣ የቀረውን አንባቢ ይገምተው።

የሆነ ሆኖ የመንገዱ ነገር የችግሩ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው። የፊቱ ካሜራ የሚገኘው በፊት መስታወቱ ላይኛ ክፍል ነው። ራዳሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአርማው ወይም ከፓራውልቱ ጀርባ ይቀመጣል። ጠጠር ፈንጥሮ የሰበረው መስታወት ሲቀየር ካሜራው እንደገና በመሣሪያ መስተካከል አለበት። የአንድ ዲግሪ መዛነፍ በ50 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህም ማለት መኪናይቱ በመንገዱ ዳር የቆመውን ሰው መሐል መንገድ ላይ፣ መሐል ላይ የቆመውን ደግሞ ዳር ልታየው ትችላለች። ፓራውልት ተጋጭቶ በስቱኮና በወፍራም ቀለም ሲደፈን ራዳሩም ሊታወር ይችላል። ቅንድብ አስተካክላለሁ ብሎ ዐይን አጠፋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሠልጥነዋል በሚባሉት አገሮችም ቢሆን ችግሩ አለ። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ እነዚህን መሣሪያዎች ካስጠገኑ ባለቤቶች ግማሽ ያህሉ ከጥገናው በኋላም እክል እንደገጠማቸው ተናግረዋል። እዚያ የተፈቀደለት ጋራዥና የአምራቹ ወኪል በየከተማው አለ። የመርሳ ነጋዴ ግን ማስተካከያውም ባለሙያውም ቢገኙ የሚያገኛቸው አዲስ አበባ ነው፤ ደርሶ መልሱ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚያ ላይ መኪናይቱ ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነች ማስጠንቀቂያውን የምትጽፈው በቻይንኛ ነው። «ካሜራው ተሸፍኗል፣ ጥረጉት» ትበል ወይም «ፍሬኑ አይሠራም» ትበል፣ ሹፌሩ ሁለቱንም ቢጫ መብራት ብሎ ያልፋቸዋል።

ቢጫው መብራት ሲሰለች መካኒኩ ፊውዝ ይነቅላል። ጩኸቱ ይቆማል፤ ባለቤቱም ተገላገልኩ ብሎ ይከፍላል። አንዳንድ ጊዜ ከዚያው ፊውዝ ጋር ሌላ የፍሬን እገዛም አብሮ ይጠፋል። መኪናይቱ ለሽያጭ ስትወጣ ግን ደላላው አሁንም «ፉል ኦፕሽን» ይላታል። እንግዲህ ገዢው ለታወረ ዐይን የሚያይ ዐይን ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። ከገንዘቡም በላይ የሚያሳስበው፣ «ራሷ ትቆማለች» ተብሎ የተነገረው ሰው እግሩን ከፍሬኑ አርቆ መንዳት መልመዱ ነው። ዐይን የሌላት መኪና ቢያንስ ሹፌሯን አታዘናጋም። የታወረው ዐይን ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለለት ዓይነት ጠባቂ ነው።

«ታዲያ መሣሪያውን አጥፍቶ እንደ አባቶቻችን መንዳት አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። የመስመር ጠባቂውን በተመለከተ እውነት አላቸው። ቀለም በሌለበት ጎዳና ላይ እሱን ማጥፋት ብልህነት ነው፤ መኪኖቹም ይህን ይፈቅዳሉ። ራሱ የሚይዘውን ፍሬን ግን ከእሱ ጋር መደምሰስ ኪሳራ ነው። ሕፃን ከጋሪ ኋላ ብቅ ሲል የግማሽ ሴኮንድ ቅድሚያ ሰው ያተርፋል። ማትረፍ የሚችለው ግን የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው።

ትምህርት የሚሆን የቅርብ ታሪክም አለ። ተሽከርካሪዎች የፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥሙ ያስገደደው መመሪያ ሲወጣ ሐሳቡ መልካም ነበር። በየመናኸሪያው የሚሰማው ሐሜት ግን መሣሪያው ለቦሎ ይገጠማል፣ ለጉዞ ይፈታል የሚል ነው። መሣሪያው መገጠሙን እንጂ መሥራቱን የሚከታተል ከሌለ፣ ትርፉ ለሻጩ፣ ወጪው ለባለንብረቱ፣ አደጋው ለመንገደኛው ይሆናል። የካሜራውና የራዳሩም ዕጣ ከዚህ እንዳይለይ ያሰጋል።

መፍትሔው መንግሥትን ብቻ የሚያስጠብቅ አይደለም፤ ገበያው ራሱ ሊጀምረው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት የጸዳ ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያዛል። «ፉል ኦፕሽን» የሚለው የደላላ ቃል ግን ውል ላይ ካልሰፈረ ለክርክር አይመችም። ስለዚህ ገዢ የአደጋ ፍሬኑ፣ የመስመር ጠባቂው፣ የጎን ራዳሩ እየሠሩ መረከቡን በስም ለይቶ ያጽፍ። ሲረከብም ቁልፉን ሲከፍት ሁሉም መብራቶች በርተው መጥፋታቸውን ይመልከት። ጭራሽ ያልበራ መብራት ካለ አምፖሉ ወይም ፊውዙ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የፊት መስታወቱ ተቀይሮ እንደሆነም ይጠይቅ፤ ከተቀየረ የማስተካከያውን ደረሰኝ ይይ። ደረሰኝ ከሌለ ከዋጋው ላይ ይቀንስ።

አስመጪውም መኪናውን በሸጠበት ዋጋ ውስጥ ቢያንስ ገዢው የሚያነበውን ቋንቋና አንድ ጊዜ የማስተካከያ አገልግሎት ማካተት ይገባዋል። የመድን ድርጅቶች ደግሞ መስታወት ሲያስቀይሩ የካሜራውን ማስተካከያ በሒሳቡ ውስጥ ቢያስገቡ የሚጠቀሙት ራሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የቆጠቡትን ብር ነገ በካሣ ይከፍሉታልና። ደሴ ወይም ወልድያ ላይ አንድ የማስተካከያ ጋራዥ የሚከፍት ባለሀብት ቢገኝ፣ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ አይመስልም። ከሰሜን የሚመጣው መኪና ሁሉ በደጁ ያልፋል።

ነጋዴ ብርቱካን ሲገዛ አንዷን ቆርጦ ሳይቀምስ ሣጥኑን አያስጭንም። በብዙ እጥፍ ገንዘብ የሚገዛውን መኪና ግን በደላላ ቃል አምኖ ቁልፉን ይቀበላል። ይህ ልማድ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ዋጋው ለዐይን እየተከፈለ መኪናው በጨለማ መሄዱን ይቀጥላል።