በቴሌግራም የተጻፈ ውል በዳኛ ፊት

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ይህ ቃል በብራና ስለ ተጻፈው ነገር የታመነ ነው፤ በስልክ ስለሚጻፈው ግን ማንም አይተማመንበት። በቴሌግራም የጻፈ ሰው፥ በወደደ ጊዜ ጽሑፉን ከገዛ ስልኩ ብቻ ሳይሆን ከተቀባዩም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላልና።

በባሕር ዳር ከተማ አንድ ነጋዴ በዚህ መንገድ ተዋውሎ ገንዘቡን ከላከ በኋላ፥ ባለዕቃው ጽሑፉን በአንድ ሌሊት ሰርዞ «ይህን ሰው አላውቀውም» ቢል፥ ነጋዴው ለዳኛ ምን ያሳያል? ቀድሞ አስቦበት እንደ ሆነ፥ ስክሪንሾት የሚባለውን የስልክ ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉንም ወደ ወዳጁ ስልክ አሻግሮ፥ ከፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፥ ወረቀቱን ይዞ ይቆማል። ተከሳሹም «ይህ በኮምፒዩተር የተሠራ ሐሰት ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን ሐሰት መሥራት ለልጅ እንኳ የሚቀል በመሆኑ፥ ክርክሩን ከንቱ ነው ብሎ መጣል ለዳኛው አይቻለውም። በዚህም ምክንያት እውነተኛው ሰው እውነቱን ይዞ ሊሸነፍ፥ ሐሰተኛውም በሥዕል ብቻ በንጹሕ ሰው ላይ ሊያስፈርድ ይችላል።

ለዚህ ችግር ምክር የሚሆን ሥርዓት ግን ከከተማይቱ ፊት ለፊት ካሉት ከጣና ደሴቶች ገዳማት የራቀ አይደለም። ቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት ለአንድ ገዳም ርስት ወይም ጉልት በሰጡ ጊዜ፥ ስጦታው በዚያው ገዳም ወንጌል ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል የተመረጠው ስለ ክብሩ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ያለው፥ ከዕቃ ቤት ሲወጣና ሲገባ የሚታይ፥ በማኅበር ፊት የሚነበብ መጽሐፍ በመሆኑ፥ ማንም በስውር አንድ መሥመር ሊጨምርበት ስለማይመቸው ነው። ጸሐፊውም ስጦታው በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ተደረገ፥ በስፍራው እነማን እንደ ነበሩ በየስማቸው ይጽፍና፥ የሚሰርዘውን ወይም የሚለውጠውን ሰው በግዝት ያስራል። እንዲህም ሆኖ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተተካበት ብራና አልታጣም፤ ነውሩን መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ብራና ሲፋቅ ጠባሳው ይቀራል፤ የስልክ ጽሑፍ ሲፋቅ ለተራ ዓይን ጠባሳ የለውም። ስለዚህ ጠባቂና ምስክር ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋሉ።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፥ ይጠፋል ወይም ይለወጣል ተብሎ የሚሠጋበትን ማስረጃ፥ በእጁ የሚገኘው ሰው ለሦስት ወር እንዲጠብቀው መርማሪ በጽሑፍ እንዲያዝ ይፈቅዳል፤ ጊዜውም አንድ ጊዜ ብቻ በሌላ ሦስት ወር ይራዘማል። ማስረጃውን የሚያቀርበውም ሰው ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በዚህ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ሆኖም አቤቱታ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በሚዘዋወርበት ስፍራ ስድስት ወር ረጅም ዘመን አይደለም፤ ደግሞም የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በካሊፎርኒያ፥ ቴሌግራምም በዱባይ ስለሚገኙ፥ ከባሕር ዳር የሚወጣ ትእዛዝ በቀላሉ አይደርሳቸውም። እንግዲህ ማስረጃው የሚድነው ባለጉዳዩ መጀመሪያ በደረሰበት ቢሮ ነው።

በዚያ ቢሮ መቀበል የሚገባው የታተመውን ወረቀት ሳይሆን፥ ጽሑፉ የደረሰበትን ስልክ ራሱን ነው። ሁለት እማኞች በዓይናቸው አይተው ከፈረሙ በኋላ፥ ከስልኩ የተቀዳው ፋይል በቁጥር ይታተማል። ይህ ባለሙያዎች ሀሽ የሚሉት ማኅተም፥ ኮምፒዩተር ፋይሉን በሙሉ አስልቶ የሚያወጣው ምልክት ነው፤ ሻ 256 በተባለው ስልት ሲሰላ 64 ፊደልና አኃዝ ይሆናል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ጥቅሙን በቶሎ ይረዱታል፤ «ንጉሥ» የሚለው ቃል በንጉሡ ሠ ፈንታ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ፥ ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም፥ ቸልተኛ አንባቢም ያልፈዋል፤ የቁጥሩ ማኅተም ግን ከዳር እስከ ዳር ይለወጣል። በችሎት ቀን እንደገና ተሰልቶ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈው ጋር ቢስማማ፥ ፋይሉ ከታተመ ወዲህ አልተነካም ማለት ነው። ከዚያ በፊት ስለ ነበረው የሚመሰክሩት እማኞቹ ናቸው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሰዓቱ ነገር ነው። ምስክሩ «ጧት በ3 ሰዓት አየሁ» ይላል፤ በስልኩ ሥዕል ላይ 9 ሰዓት ተጽፎ ይታያል፤ ከኩባንያው መዝገብ የመጣው ወረቀት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 6 ሰዓት ይላል። ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ቅጽበት ነው። በዋሽንግተን ያለ ዘመድ ያንኑ ጽሑፍ ከስልኩ ቢያሳይ ደግሞ፥ እንደ ወራቱ ከሌሊቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ተብሎ ይገኛል። ዓመቱም ቢሆን አንድ ጊዜ በ7፥ አንድ ጊዜ በ8 ይለያያል። ባሕረ ሐሳብ ለተማረ ካህን ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው፤ ላልተዘጋጀ መርማሪ ግን፥ ጠበቃ ተነሥቶ «የምስክሮቹ ቃል ተጋጨ» የሚልበት ወጥመድ ይሆናል። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ሊይዝ፥ ስልኩን ማን እንደ ተረከበና ለማን እንዳስረከበም ሊናገር ይገባል።

ይህ ሁሉ ተጽፎ አንድ ገጽ አይሞላም። «ከሳምንት በኋላ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ ግን፥ በተመለሰ ጊዜ ጽሑፉ ከስልኩ ጠፍቶ ሊያገኘው ይችላል።