ተሳቢዋ ታጠፈች፣ እኛስ?

ከዋሽንግተን ማዶ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞተር ሳይክሉን ከመኪና ኋላ ጭኖ የሚጓዝ የእኛ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «ሞተር ይነዱታል እንጂ ይጎትቱታል እንዴ?» አዎ፣ ይጎትቱታል! ከ350 ኪሎ በላይ የሚመዝን ትልቅ ሞተር ከሆነ፣ መንገዱም ረጅም ከሆነ፣ ቤተሰብም አብሮ የሚሄድ ከሆነ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

ለዚህ ሥራ የምትሆነው ተጣጣፊ ተሳቢ ናት። ስትዘረጋ 4 ጫማ በ8 ጫማ ያህል ናት። ወገቧ ላይ ታጥፋ በትንንሽ እግር ጎማዎቿ ስትቆም ደግሞ እንደ ቁም ሳጥን ግድግዳ ትጠጋለች። ጎረቤት አያያትም። ነገሩም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙው ሰው የሚገዛት ጎረቤት እንዳያያት ብሎ ነው!

ለምን ቢሉ፣ ታውን ሃውስ የሚባለውን የተያያዘ ቤት የገዛ ሰው ቤት ብቻ አይደለም የገዛው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚባል ጌታም አብሮ ገዝቷል። የብዙዎቹ ማኅበራት መተዳደሪያ ተሳቢ ደጅ ላይ እንዳይቆም ይከለክላል። የበር ቀለም፣ የሣር ቁመት፣ የቆሻሻ በርሜል የሚወጣበት ሰዓት... ሁሉም ተጽፏል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡኝ «ማኅበር» የሚለው ቃል አንድ ነገር ሳያስታውሳችሁ አይቀርም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ያቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነበር፤ ቀበሌ ብለን የለመድነው እሱን ነው። እንግዲህ ከቀበሌ ሸሽቶ ውቅያኖስ የተሻገረ ሰው በ30 ዓመት ዕዳ ሌላ ማኅበር ገዛ ማለት ነው። ያስቃል!

ግን ልዩነት አለ፣ የማናውቀውም እኛው ነን። ቨርጂኒያ እነዚህን ማኅበራት የሚገዛ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማኅበሩ ከመቅጣቱ በፊት ጥፋቱን በጽሑፍ አሳውቆ የማረሚያ ጊዜ መስጠት አለበት። ባለቤቱ ካላረመም ቀርቦ የመሰማት መብት አለው፤ ጠበቃ ይዞ መቅረብም ይችላል። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከ50 ዶላር፣ ለሚቀጥል ጥፋት በቀን ከ10 ዶላር አይበልጥም፤ የቀኑም ቅጣት ከ90 ቀን በላይ አይቆጠርም። ለመሆኑ ቀበሌ እንዲህ ያለ ወረቀት ልኮልን ያውቅ ነበር?

ታዲያ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ደብዳቤው ሲመጣ እንደ ድሮው ይደነግጣል፤ ተሳቢዋን አጥፎ ይደብቃል፤ አበቃ። በዓመት አንዴ የባለቤቶች ጉባኤ ሲጠራ «ምን አገባኝ፣ ፈረንጅ ይጨቃጨቅ» ብሎ ይቀራል። ድምፅ እያለው! ስብሰባ ሲባል ትዝ የሚለው ያ የድሮው ነው፤ ስም የሚጠራበት፣ ተባብሮ እጅ የሚወጣበት፣ የቀረው ሰው የሚመዘገብበት። አልፈርድበትም። ያኛውን ስብሰባ ግን እዚያው ጥለነው መጥተናል፤ እዚህ የቀረ ሰው ጎረቤቱ በመረጠለት ደንብ ይተዳደራል።

ተሳቢዋን አትግዙ አላልኩም። ግዙ፣ ጥሩ ዕቃ ናት። ብቻ አስቀድማችሁ የመኪናችሁን የመጎተት አቅም እዩ። ከተሳቢዋና ከጭነቷ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ይረፍ፤ ከኋላ ከከበደች አውራ ጎዳና ላይ እንደ ጅራት ትወዛወዛለች። ሞተሩን በአራት ማሰሪያ ጠፍሩት፣ ከመነሳታችሁ በፊት የማጠፊያዋን ብሎኖች አጥብቁ፣ ሰሌዳም አውጡላት። ከኋላችሁ የሚከተለው ሕፃናት የጫነ መኪና ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ጉባኤው ሂዱ። የሚጠየቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ሞተር ለመጫንና ለማውረድ ተሳቢ ለአንድ ቀን ደጅ እንዲቆም ይፈቀድ። ክልከላው ቦርዱ ያወጣው ደንብ ከሆነ ቦርዱ ያሻሽለዋል። መተዳደሪያው ውስጥ ከሰፈረ ግን የባለቤቶች ድምፅ ይቆጠራል፤ የሚፈለገውም ድምፅ ብዙ ነው። መሄድ ያልቻለ ሰው ውክልና ይላክ። የውክልናው ቅጽ ብዙውን ጊዜ ከጉባኤው ጥሪ ጋር በፖስታ ይመጣል፤ ብዙዎቻችን ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ቅርጫት ውስጥ የምንጥለው ወረቀት እሱ ነው።